ስም በስም መቁጠር፦ የሰብዓዊ መብት መርማሪ ሥራና ኑሮ



ጥያቄ ላስቀድም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ በረሃብ ያለቀው ሕዝብ ስንት ነው? መጽሐፍ ብታገላብጡ አንዱ 40,000 ይላችኋል፣ ሌላው 80,000፣ ሦስተኛው 200,000። ቁጥሩ እንዲህ የሚዋዥቀው ሒሳብ የሚያውቅ ጠፍቶ አይደለም፤ ሰዎቹ ሲሞቱ ስማቸውን የጻፈ ስላልነበረ ነው። የረሃብተኞቹ መጠለያዎች የተተከሉት ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ጋዜጠኛውም ሹሙም ያየው መንገድ ዳር የወደቀውን ነው። ከዚያ መንገድ ርቆ፣ ያኔ ቦረና፣ ወረሂመኖና ወረኢሉ አውራጃ ይባሉ በነበሩት ደጋዎች ውስጥ የሞተውን ቤተሰቡና ቅሬው (የመንደሩ እድር) ቀበሩት፤ መዝገብ ላይ ግን አልሰፈረም።

ዛሬ የምነግራችሁ ይህንን ጉድለት መሙላት ሥራዬ ብሎ ስለያዘ ባለሙያ ነው። የሰብዓዊ መብት መርማሪ ስል፣ ጦርነት ባለበት አገር እየዞረ ማን ተገደለ፣ የት፣ መቼ፣ በማን እጅ ብሎ የሚጠይቅ፣ የሰማውንም ከሌላ ማስረጃ ጋር እያመሳከረ የሚጽፍ ሰው ማለቴ ነው። ፖሊስ ስላልሆነ ማንንም አያስርም፤ ዳኛ ስላልሆነም በማንም ላይ አይፈርድም። ብዙ ሰው ይህን ሥራ ከፈረንጅ አገር የመጣ ሙያ ያደርገዋል። እዚህ ወሎ፣ መካነ ሰላም ላይ ቆሞ እንዲህ ማለት ግን ይከብዳል፤ በአገራችን የመንግሥትን ጥፋት እንዲመረምሩ ከተቋቋሙት ቀደምት አካላት አንዱ የዚሁ የወሎ ረሃብ ጉዳይ የተሰጠው ነውና።

በ1966 ዓ.ም. ማብቂያ የተቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን ረሃቡ ለምን ተደበቀ፣ እህሉስ ለምን በጊዜው አልደረሰም ብሎ ባለሥልጣናትን ጠየቀ። ከአባላቱ አንዱ የዩኒቨርሲቲ የጂኦግራፊ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ነበሩ። ኮሚሽኑ ሥራውን ሳይጨርስ ደርግ ቀደመው። ጉዳያቸው ይመረመር የነበረው የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ያለ ፍርድ ተረሸኑ፤ በዚያች ሌሊት የተገደሉት ሰዎች 60 ያህል ናቸው። የወሎ ሟቾች ጉዳይም ችሎት ፊት ሳይደርስ ቀረ። ያን ጊዜ የተጨበጨበለት እርምጃ ለወሎ ሕዝብ ፍትሕ አልሰጠውም፤ እንዲያውም መልስ ሊሰጡ የሚችሉትን ሰዎች ከነምስክርነታቸው ቀበረበት። እኔ እንደዚህ ነው የማየው።

ፕሮፌሰር መስፍን ግን ጉዳዩን አልተዉትም። ከ1950 እስከ 1969 ዓ.ም. አካባቢ ያለውን የገጠር ረሃብ መርምረው ትልቅ መጽሐፍ ጻፉ፤ በመስከረም 1984 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደግሞ ከጓደኞቻቸው ጋር የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤን፣ ኢሰመጉን፣ አቋቋሙ። የኢሰመጉን የድሮ መግለጫዎች አግኝታችሁ ብታነቡ ግር ይላችኋል። ዜማ የላቸውም፣ እንባ የላቸውም። የሟቹ ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ ቀበሌ፣ የተገደለበት ቀን፣ ከዚያ የሚቀጥለው ሰው ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ። ገጽ በገጽ እንዲህ ይሄዳል። ጸሐፊዎቹ መናደድ የማያውቁ ሆነው አይደለም። ንዴት የሞላበትን ጽሑፍ ባለሥልጣን በአንድ ቃል «የጠላት ወሬ» ብሎ ያልፈዋል። ስም፣ ቀበሌና ቀን ያለበትን ግን ቀበሌው ድረስ ሄዶ ካላስተባበለ በቀር አያልፈውም።

ዋጋውን ከፍለውበታል። የኢሰመጉ የሥራ አስፈጻሚ አባልና የመምህራን ማኅበር መሪ የነበሩት አቶ አሰፋ ማሩ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ወደ ሥራቸው ሲሄዱ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። ፕሮፌሰሩ ራሳቸው በ1993 እና ከ1998 እስከ 1999 ዓ.ም. ታሰሩ። የድርጅቱ መርማሪ የነበሩት አቶ ያሬድ ኃይለ ማርያም ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ለስብሰባ ከአገር እንደወጡ ለዓመታት በስደት ቀሩ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ደግሞ ጥይት ሳያስፈልገው ሥራውን አዳከመው። በሰብዓዊ መብት ላይ የሚሠራ ድርጅት ከገቢው ከመቶ አሥር እጅ በላይ ከውጭ እንዳይቀበል ከለከለ። ከዚያ በኋላ የኢሰመጉ የባንክ ሒሳብ ታገደ፣ ከ12 ቅርንጫፎቹ 9ኙ ተዘጉ። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በሌላ ቢተካም ነገሩ በዚያ አላበቃም፤ ኢሰመጉ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. እንደገና ታግዶ ከወራት በኋላ ነው እግዱ የተነሣለት።

ስም በስም መቁጠር ምን ይፈይዳል ለሚል ሰው የ1998 ዓ.ም.ን አጣሪ ኮሚሽን እጠቅሳለሁ። ከምርጫ 97 በኋላ የተፈጸመውን ግድያ እንዲያጣራ ያቋቋመው ፓርላማው ነው። ሰብሳቢው ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤል፣ ምክትላቸው ዳኛ ወልደ ሚካኤል መሸሻ ነበሩ። ኮሚሽኑ ሆስፒታሉን፣ ቤተሰቡን፣ እስር ቤቱን አዳርሶ 193 ሲቪል ሰዎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን፣ 763 ሰዎች መቁሰላቸውን አረጋገጠ። የተወሰደው እርምጃ ከመጠን ያለፈ ነው ወይ በሚለው ላይ ድምፅ ሲሰጥ 8 ለ2 «አዎ» አሉ። ሰብሳቢውና ምክትላቸው ጫና ደረሰብን ብለው ማስረጃቸውን ይዘው ከአገር ወጡ። የቀሩት አባላት ለፓርላማ ባቀረቡት የመጨረሻ ሪፖርት መደምደሚያው ተገለበጠ፣ እርምጃው ተገቢ ነው ተባለ። ቁጥሩ ግን ያው 193፣ ያው 6፣ ያው 763 ነው። መደምደሚያን በድምፅ ብልጫ መገልበጥ ይቻላል፤ አስከሬኑ ታይቶ፣ ቤተሰቡ ተጠይቆ የተመዘገበን ሰው ግን ማንም ከመዝገብ ሊያወጣው አልደፈረም።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ባቆያችሁ ይቅር በሉኝ፤ እኔ ከሁሉ የምወደው ክፍል ይሄ ነው።

መርማሪ ቃል ሲቀበል የመጀመሪያ ችግሩ ቀን ነው። የደጋ ሰው «ጥር 20» አይላችሁም። «የአስተርእዮ ማርያም ዋዜማ ነበር» ይላችኋል፣ ወይም «ገበያ ውለን ስንመለስ»፣ ወይም «ጁምዓ ሰግደን ወጥተን»። ይህን የማያውቅ መርማሪ ምስክሩ ቀኑን አያስታውስም ብሎ ይጽፋል። የሚያውቅ ግን ከማንኛውም የቀን መቁጠሪያ ይልቅ ይህን ያምናል፤ ሰው ቁጥር ያምታታል እንጂ የጾመበትንና ያነገሠበትን ቀን አያምታታም። በቅርቡ ዘመን ብዙ ሰው ያለቀባቸው ሁለት ግድያዎች በማርያም ዋዜማ መዋላቸውን ልብ በሉ። አክሱም ውስጥ የኤርትራ ወታደሮች ግድያ የፈጸሙት ኅዳር 19 እና 20 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ለጽዮን ክብረ በዓል ዋዜማ ነው። መራዊ ውስጥ የመንግሥት ወታደሮች ሰላማዊ ሰዎችን የገደሉት ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ለአስተርእዮ ማርያም ዋዜማ ነው። ምስክሮቹ የሚነግሯችሁ በዓሉን ነው፤ ቀኑን ከበዓሉ የሚያወጣው መርማሪው ነው። የእስልምናው በዓል ደግሞ በጨረቃ ስለሚዞር «ለመውሊድ ሦስት ቀን ሲቀረው» የተባለው በየዓመቱ ሌላ ቀን ላይ ይውላል፤ ዓመቱ ሳይረጋገጥ ቀኑ አይወጣም። በዚህ ላይ ሰዓቱ አለ። የእኛ «ሦስት ሰዓት ጧት» በፈረንጅ ዘጠኝ ነው። አስተርጓሚው ከዘነጋው ጧት የሞተ ሰው ሌሊት ሞተ ተብሎ ይጻፋል፣ ከዚያ ሌላው ምስክር ሁሉ ውሸታም ይመስላል።

ሁለተኛው ችግር ስም ነው። ቅሬው ሟቹን በዓለም ስሙ ያውቀዋል። ፍትሐት ያደረሱት ካህን የጻፉት በክርስትና ስሙ ነው። ሁለቱን ዝርዝር ተቀብሎ የደመረ መርማሪ አንዱን ሰው ሁለት ጊዜ ይገድለዋል። በወሎ ደግሞ የልጁ ስም ክርስቲያን፣ የአባቱ ስም ሙስሊም የሆነ ሰው ሞልቷል። ሩቅ ሆኖ ዝርዝሩን የሚያይ ሰው ስሙን እየተመለከተ ሃይማኖት ሲያድል፣ ከዚያም አልፎ «ጥቃቱ በእነ እገሌ ላይ ያነጣጠረ ነበር» ሲል አያለሁ። ይህ ከባድ ጥፋት ነው። ማጣሪያው ቀላል ነው፤ የአባት፣ የአያት፣ የእናት ስም፣ ጎጥ፣ የትዳር ጓደኛ፣ የተቀበረበት ቦታ። ሁለቱ ዝርዝሮች እነዚህ ላይ ሲገናኙ ሰውየው አንድ መሆኑ ይታወቃል።

ሦስተኛው የጥያቄ አጠያየቅ ነው። «ወታደሮቹ ገደሉት አይደል?» ብሎ የጠየቀ ሰው የራሱን ሐሳብ በሌላ ሰው አፍ ጻፈ ማለት ነው። ጥሩ መርማሪ «እርስዎ የት ቆመው ነበር? ከዚያ ምን ይታያል? ከዚያስ?» ይላል፤ ይቀጥልና ዝም ይላል። ዝምታው ይከብዳል፤ ግን ሰው ያየውንና የሰማውን የሚለየው ዝም ሲባልለት ነው።

አያቶቻችን አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚሉት ነበራቸው። ሰው ሲገደል ወይም ቤት ሲቃጠል ያገሩ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ ጥፋተኛው እስኪወጣ ወደ ቤት መግባት የለም። ፊት ለፊት መናገር የፈራ «ወፍ ነገረኝ» ብሎ በሽማግሌ በኩል ያስታውቃል። የምስክርን ስም መሸሸግ እንግዲህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የዛሬው ሥራ ከአፈርሳታ የሚለየው ግዴታና አደባባይ ስለሌለበት ነው። ምስክር ለብቻው ይጠየቃል፣ በፈቃዱ ይጠየቃል። የቀበሌ ሹም አብሮ ከተቀመጠ ያ ቃል አይረባም፤ ታጣቂ ደጃፍ ላይ ከቆመም ታጣቂው የማንም ወገን ቢሆን እንዲሁ ነው።

ወደ ራሳችን ጦርነት ልምጣ። በሰሜኑ ጦርነት ላይ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት በጋራ ያደረጉት ምርመራ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ወጣ። ያን ጊዜ የኮሚሽኑ ኃላፊ ዶክተር ዳንኤል በቀለ ነበሩ፤ ከምርጫ 97 በኋላ ከሁለት ዓመት በላይ ታስረው የነበሩ፣ በኋላም በሂውማን ራይትስ ዎች የአፍሪካ ክፍልን የመሩ የሕግ ባለሙያ ናቸው። መርማሪዎቹ 269 ሰዎችን በምስጢር አነጋግረው ሁሉም ተፋላሚ ወገኖች ከባድ ጥሰት ፈጽመዋል አሉ። የሸፈነው ጊዜ ግን እስከ ሰኔ 21 ቀን 2013 ዓ.ም. ድረስ ብቻ ነበር። ሪፖርቱ በወጣበት ሳምንት ደሴና ኮምቦልቻ በትግራይ ኃይሎች ተይዘው፣ የወሎ ሕዝብ ልጁን አዝሎ መንገድ ላይ ነበር። ለዚያ ሰው በዚያ ቀን ያ ሪፖርት ስለ ሌላ ሰው የተጻፈ ነው። አልፈርድበትም።

ከዚያ በፊት በነሐሴም እንዲሁ ሆኗል። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በትግራይ የኢትዮጵያና የኤርትራ ወታደሮች፣ አብረዋቸውም የተሰለፉ ኃይሎች ስለደፈሯቸው ሴቶች 63 ተጎጂዎችን አነጋግሮ ሪፖርቱን ባወጣበት በዚያው ሳምንት፣ በፍልሰታ ጾም፣ የትግራይ ኃይሎች ነፋስ መውጫ ገቡ። ከሦስት ወር በኋላ ያው ድርጅት ከነፋስ መውጫ 16 ሴቶችን አነጋግሮ በእነሱ ላይ የደረሰውን አሳተመ። ሁለቱን ሪፖርቶች ጎን ለጎን አድርጎ ያነበበ ሰው ግን ጥቂት ነው። አንዱ ወገን አንዱን ያጋራል፣ ሌላው ሌላውን። «ሁለቱም ወገን ከተቆጣ ሪፖርቱ ትክክል ነው» የሚሉም አሉ፤ እኔ አልስማማም፤ ደካማ ሪፖርትም ሁለቱን ወገን ያስቆጣል። መመዘን ያለበት በምስክሩና በማስረጃው ነው።

ስለ እነዚያ ሴቶች አንድ ነገር ልጨምር። የተደፈረች ሴትን ዛሬ ጋዜጠኛ፣ ነገ የመንግሥት ኮሚቴ፣ ከነገ ወዲያ የእርዳታ ድርጅት ይጠይቃታል። ያንኑ ሌሊት ደጋግማ እንድትኖረው ነው የሚያደርጓት። አዋቂ መርማሪ አስቀድሞ ሌላ ሰው የተቀበለውን ቃል ፈልጎ ያነባል፣ ሐኪም ጋ የሚያደርሳትን መንገድ ሳያዘጋጅ አይጠይቃትም፣ የማያስፈልገውን ዝርዝርም አይጠይቅም።

ከሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወዲህ በአማራ ክልል ያለውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። መንገድ ተዘጋ፣ ኢንተርኔት ለወራት ጠፋ፣ መርማሪ እንደልቡ የሚደርስበት ቦታ አነሰ። ሂውማን ራይትስ ዎች በክልሉ በሆስፒታሎችና በጤና ባለሙያዎች ላይ የደረሰውን ሲመረምር 58 ሰዎችን ያነጋገረው ከሩቅ ሆኖ ነው። በመራዊ ጉዳይ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን «ቢያንስ 45» ብሎ ማንነታቸውን ያረጋገጠውን ብቻ ተናገረ፣ ቁጥሩ ከዚያ ሊበልጥ እንደሚችልም ገለጸ። በዚያው ሰሞን በማኅበራዊ ሚዲያ እጅግ የሚበልጡ ቁጥሮች ይወራወሩ ነበር፤ «አሳነሳችሁብን» የሚለው ቅሬታም ይገባኛል። ግን በመነሻዬ ወዳነሣሁት ረሃብ ተመለሱ፦ 200,000 ማለት ቀላል ነበር፤ ከ200,000ው ውስጥ ማንንም በስሙ መጥራት ያልቻለ ቁጥር ግን ችሎት ፊት ምንም አላደረገም። 45 ስም ያለው መዝገብ ላይ 46ኛውን መጨመር ይቻላል።

መንገድ ሲዘጋ የስልክ ፊልም ሥራውን ይዟል። በ2013 ዓ.ም. ማዕከላዊ ትግራይ፣ ማኅበረ ዴጎ አካባቢ ወታደሮች ያልታጠቁ ሰዎችን ገደል አፋፍ ላይ ሲገድሉ የሚያሳይ ፊልም ወጣ። ቢቢሲና ሌሎች መርማሪዎች ቦታውን ያገኙት ከሰዎቹ ጀርባ የሚታየውን የተራራ ጫፍ ቅርጽ ከሳተላይት በተሠራ የመሬት አቀማመጥ ላይ አመሳክረው ነው። እዚህ ላላችሁ ይህ እንግዳ አይሆንባችሁም። የአምባ ፈሪትን ጫፍ ከየትኛው ጎጥ ሆናችሁ ስታዩት ምን እንደሚመስል፣ የደንቆሮ ጫካ በየት በኩል እንደሚጨልም ለማወቅ ሳተላይት አያስፈልጋችሁም። አንድ የቦረና እረኛ በዚህ ነገር ከለንደን ባለሙያ ይበልጣል፤ የሚጎድለው የሚጠይቀው ሰው ነው።

ስለዚህ ፊልም ወይም ፎቶ የያዘ ሰው ካለ ሦስት ነገር ያድርግ። ዋናውን ቅጂ አይቁረጠው፣ ሙዚቃም ጽሑፍም አይጨምርበት። በቴሌግራም ሲልክ እንደ ተራ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላከው፤ በተራው መንገድ ሲሄድ ጥራቱ ይቀንሳል፣ የተቀረጸበትን ቀንና ቦታ የሚናገረው መረጃም ይጠፋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰዎቹ ፊታቸው እየታየ አያሰራጨው፤ ዛሬ በሕይወት ያለው ሰው ነገ የሚፈለግ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ካላችሁት ተማሪዎች መካከል ይህን ሥራ እሠራለሁ የሚል ካለ ሕግ ማጥናቱ ይጠቅመዋል፣ ግን ግድ አይደለም። ጂኦግራፈር፣ ነርስ፣ ጋዜጠኛ፣ አጥንት የሚያጠና ባለሙያ ሁሉ ቦታ አለው፤ የቀይ ሽብር ሰለባዎችን አጽም በማውጣት ልዩ ዓቃቤ ሕጉን የረዱት ከአርጀንቲና የመጡ የአጥንት ባለሙያዎች ነበሩ። ቤተሰብ እንደሚሠጋ፣ እንቅልፍ እንደሚጠፋ፣ የሰማው ነገር ቤቱ ድረስ እንደሚከተለው አስቀድሞ ይወቅ። በዚህ ሥራ የቆዩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያማርሩት አደጋውን አይደለም፤ የጻፉት ሳይነበብ መቅረቱን ነው።

ለእናንተ፣ ነገ ሊጠየቅ ለሚችለው ምስክር፣ መብታችሁን ልንገራችሁ። የሚጠይቃችሁን ሰው ስሙን፣ የመጣበትን ድርጅትና ቃላችሁ ምን ላይ እንደሚውል መጠየቅ ትችላላችሁ። ስማችሁ እንዳይጻፍ ማለት ትችላላችሁ። መሐል ላይ «በቃኝ» ማለት፣ አንዱን ጥያቄ መልሳችሁ ሌላውን መተው ትችላላችሁ። ገንዘብ እሰጣለሁ የሚላችሁን አትመኑ፤ ለትራንስፖርት ካልሆነ በቀር እውነተኛ መርማሪ ለቃል አይከፍልም፣ የተከፈለበት ቃል ችሎት ላይ ይወድቃልና። እርዳታ አስገኝላችኋለሁ የሚለውንም እንዲሁ። ማንነቱን የማያሳያችሁን ሰው ቡና አጠጥታችሁ መሸኘት ነው።

የስልኩ ጉዳይ ብዙ እንደሚያጠያይቅ አውቃለሁ፤ ጥያቄውን ከዚያው እንጀምር።